የባትሪው መርዶ

ሽማግሌ ሲመርቃችሁ «ደግ ሰው ይግጠማችሁ» ካለ፣ አሜን ከማለታችሁ በፊት ትንሽ አስቡበት። እኔ ሳላስብ አሜን ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት። ክፉ ሰውማ ምን ችግር አለው? ትሸሸዋለህ፣ ትከሰዋለህ፣ ቢብስብህ ሽማግሌ ልከህ ትታረቀዋለህ። ደግ ሰው ሲጎዳህ ግን ለማን አቤት ትላለህ? ትከሻውን ስመህ፣ ቤትህ ገብተህ፣ ትራስህን ነክሰህ ታለቅሳለህ እንጂ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። የምኖረው ቡሬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባጃጅ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተስፋ በሚቆርጥበት በኩል፣ አንድ ጉብታ አለ። ጉብታው ላይ የስልክ ታወር ቆሟል። ታወሩን የተከለው ድርጅት ሌላ ነው፤ የሚያስተዳድረው ድርጅት ሌላ ነው፤ እኔን በኮንትራት የቀጠረኝ ደግሞ ከሁለቱ ፍርፋሪ የሚለቅም ሦስተኛ ድርጅት ነው። እኔ ከሁሉም በታች ነኝ። ከእኔ በታች ያለው ባትሪው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከእኔ ይልቅ ይፈራል፤ ይከበራል።

ታወር ከሩቅ ሲያዩት ኩሩ ብረት ይመስላል። ነፍሱ ያለችው ግን ከሥሩ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ በቆመ ቁም ሣጥን በሚያህል ካቢኔት ውስጥ ነው። ዲሲ ፓወር ሲስተም ይባላል። መብራት ሲኖር ባትሪዎቹን ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪዎቹ ታወሩን ይቀልባሉ፤ ባትሪዎቹ ሲደክሙ ደግሞ ጄኔሬተር መነሳት አለበት። ካልተነሳ ማሽኑ ባትሪዎቹ ጨርሰው እንዳይሞቱ ብሎ ራሱ ኃይሉን ይቆርጠዋል። ያኔ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ኔትወርክ እየፈለገ እኔን ይረግማል። መብራት የሚጠፋው ስንቴ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የምትኖሩት እዚሁ አገር ነው።

ካቢኔቱ ሲከፋው አፍ አውጥቶ አይናገርም። ጀርባው ላይ ግን ትንንሽ የሽቦ ማሰሪያዎች ተደርድረዋል። ከአንዱ ጥንድ ሽቦ ስበህ ብታወጣ «መብራት ጠፋ» ይልልሃል፤ ከሌላው «ባትሪ ደከመ» ይልልሃል፤ ከሌላው «በር ተከፈተ»። አንዱ ጥንድ ደግሞ ከውጭ ትእዛዝ የሚቀበል ነው፤ «ጄኔሬተር አስነሳ» ስትለው ያስነሳል። ቀድሞ እነዚህ ሽቦዎች ባሕር ዳር ቢሮ ካለው ስክሪን ጋር የሚያገናኝ ሣጥን ላይ ታስረው ነበር አሉ። ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሺያን ግን አላርሙ እንቅልፍ ቢነሳው ሽቦዎቹን እርስ በርስ ጠምዝዞ አስሮ ሄደ። ሣጥኑንም አይጥ ጨረሰችው። ስለዚህ ባሕር ዳር ስክሪኑ ላይ የእኛ ታወር ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ቆሞም አረንጓዴ፣ ሞቶም አረንጓዴ። እኔ ራሴ እንደዚያ ሆኜ መሞት እመኛለሁ።

ለአዲስ ሣጥን ጠየቅሁ፤ «ይመጣል» አሉኝ። እስኪመጣ ታወሩ መጥፋቱን የማውቀው ሕዝቡ ከጮኸ በኋላ ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋታ የምችልበት ጊዜ ላይ አልነበርኩም። ባለቤቴ ይታይሽ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ውሌ በየጊዜው የሚታደስ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው። ሌላ ሥራ ቢፈለግ የለም። እንግዲህ ያለኝ ነገር ሁሉ በዚያ ባትሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሰብኩና አንድ ብልሃት አገኘሁ። «ባትሪ ደከመ» ከሚለው ጥንድ ሽቦ ስቤ የጥበቃው ጎጆ ግድግዳ ላይ ቀይ አምፖል አሰርኩ። አምፖሉ የሚበራው ታወሩ ገና በሕይወት ሳለ ነው። ታወሩ በሕይወት ካለ ስልክ ይሠራል። ጥበቃው ይደውሉልኛል፤ እኔ በሞተር ሳይክል እበርራለሁ፤ ጄኔሬተሩን አስነሳለሁ። ነዳጅ ይጠፋል ተብሎ የጄኔሬተሩ ቁልፍ ለጥበቃ አይሰጥም፤ ከእኔ ኪስ አይወጣም። እንዲህ አድርጌ ሁሉን ካሰናዳሁ በኋላ በራሴ ኮርቼ ቡሬ ገባሁና ለይታይሽ በእርሳስ ሥዬ አስረዳኋት። እሷም «ጎበዝ» አለችኝ። የዚያን ቀን የዘነጋሁት ነገር አልነበረም፤ ከጥበቃው በቀር።

ጥበቃው አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ። በእድሜ አባቴ ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚያዳምጡ፣ ውሻ እንኳ «ሂድ» ሳይሆን «በል እንግዲህ» ብለው የሚያባርሩ ሰው ናቸው። አምፖሉን አብርቼ አጥፍቼ አሳየኋቸው።

«ቀዩ ሲበራ ምን ማለት ነው አያ?» አልኳቸው።

«ባትሪው ታሟል ማለት ነው።»

«ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?»

«እሱን ለኔ ተወው» አሉኝ። ተውኩት።

አምፖሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የበራ ዕለት እኔ ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። አንድ አናጢ ዘንድ የሕፃን አልጋ ላሠራ ሄጄ በእንጨት ዓይነት እየተከራከርን ሳለ አያ ደወሉ። እንዴት ዋልህ አሉኝ። ደህና አልኩ። ይታይሽን ጠየቁ፤ አባቴን ጠየቁ፤ ጅጋ ያለውን አጎቴን በስሙ ጠርተው ጠየቁ። ዝናቡን አነሱ። የአጎቴን በሬ እግር አነሱ። እህል ቀምሰሃል ወይ አሉኝ። ቀምሻለሁ አልኩ። ካጠገብህ ማን አለ አሉኝ። አናጢው ሚስማር ፍለጋ ወደ ጓዳ ገብቶ ስለነበር ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። «በል እሽ፣ በኋላ እንጨዋወታለን» ብለው ዘጉት። እንዴት ያሉ ፍቅር የሆኑ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። ለአናጢውም አወራሁለት።

ሰዓታት ቆይቶ ኢንጂነሩ ከባሕር ዳር ደወለ። ኢንጂነሩ አለቃዬ ነው፤ ሰላምታ እናቱ ማኅፀን ውስጥ ረስቶ የመጣ ሰው ነው። ታወሩ ከጠፋ መቆየቱን፣ ከቀበሌ ደውለው ጉድ እንዳደረጉት፣ አንዴ ከተደገመ ውሌ እንደማይታደስ ነገረኝና ዘጋው። በማንኩሳ በኩል እንዴት እንደበረርኩ ሞተሩና ፈጣሪ ያውቃሉ። ስደርስ አያ ጎጆአቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ስጮህ እሳቸው የሰው ልጅ ጅልነት እንዳሳዘናቸው ሁሉ አዩኝ።

«ብቻዬን ነኝ ብለኸኝ» አሉ፣ «ብቻውን ላለ ሰው እንዴት ተደርጎ ይነገራል?»

ያን ጊዜ ነው የሰውየውን ማንነት የተረዳሁት። አያ ቢያድግልኝ የደብሩ መርዶ ነጋሪ ናቸው። በእኛ አገር ሞት ለቅርብ ዘመድ እንዲሁ አይነገርም። በስልክ አይነገርም፤ በመንገድ አይነገርም፤ ላልበላ ሰው አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሟች መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ጠናበት» ይባላል፤ ቀጥሎ በማለዳ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ተቀምጦ ይነገራል። ይህን ሁሉ አሰናድቶ ሰው ሳይወድቅ፣ ልቡ ሳይቆም መርዶን ማውረድ ትልቅ ሙያ ነው። አያ በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው፤ እሳቸው ካረዱት ሰው ወድቆ የተጎዳ አንድም የለም ይባላል። አልፈው ተርፈው እስከ ማንኩሳ ድረስ ይጠራሉ። እንዲህ ያለ ሰው አገር ያስከብራል። እኔ ግን ይህን ሰው ያገኘሁት ለአላርም ነው።

ለመንኳቸው። ባትሪ ዘመድ አይደለም፤ ደንግጬ አልሞትም፤ ቀዩ ሲበራ ወዲያው ይንገሩኝ አልኩ። አልሆነላቸውም። አፋቸው እምቢ አላቸው፤ በሕይወታቸው ክፉ ነገር በባዶው ተናግረው አያውቁም። በመጨረሻ ታረቅንና ቃል መናገሩ ቀረ። ቀዩ ሲበራ በሚስድ ኮል ብቻ ያሳውቁኛል፤ እኔ ሳላነሳ እመጣለሁ። ይህም ቢሆን ሰው ቤት ላይ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው ብለው ቅር እያላቸው ተስማሙ።

ብዙም ሳይቆይ ሚስድ ኮል መጣ። ይታይሽ ምሳ ልታቀርብ ነበር፤ ጥያት ወጣሁ። ዝናብ ነው፤ ጭቃው ሞተሩን ሁለቴ ጥሎኛል። ግማሹን መንገድ ሞተሩ ተሸከመኝ፤ ግማሹን እኔ ተሸከምኩት። ጉብታው ላይ ስደርስ ታወሩ ይሠራል። አምፖሉ ጠፍቷል። መብራት አለ። አያ በዝናቡ ውስጥ እንዲህ ሆኜ በማየታቸው እጅግ አዝነው ነጠላቸውን ሊያለብሱኝ መጡ። ለምን ጠሩኝ ብላቸው፣ አንድ ቀን ቀዩ አምፖል መብራቱ አይቀርምና ከወዲሁ ቀስ በቀስ ብትለምደው ብዬ ነው አሉኝ። ለካ ሚስድ ኮሉ «ትንሽ አሞታል» መሆኑ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ እንቁላል ግን ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ይህ ልማድ ሆነ። አንዳንድ ቀን ባትሪው ሳይታመም ያስታምሙታል። አንድ ቀን ከካቢኔቱ አጠገብ ጀሪካን ጠበል አገኘሁ። ባትሪው ደክሟል ብዬ አውርቼ ኖሮ ከገዳም አስመጥተውለት ነው። ውሃ ከኤሌክትሪክ ጋር አይሆንም፣ ያቃጥላል፣ ይገድላል ብዬ አስረዳኋቸው። ተረጋግተው ሰሙኝና «ጠበል ውሃ አይደለም» አሉ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ያምጣልኝ። ጀሪካኑን አቅፌ ወደ ጎጆው ወሰድኩላቸው፤ እሳቸውም ላቤን አይተው ከጠበሉ አንድ ኩባያ አጠጡኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢንጂነሩ «አንዴ ከተደገመ» ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። እንቅልፍ አጣሁ። ይታይሽ በሆዷ ያለው ልጅ ሲራገጥ እጄን ይዛ ታስነካኛለች፤ እኔ ግን ልጄን እየዳበስኩ የማስበው ስለ ባትሪ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያሳፍራል።

በመጨረሻ አዲሱ ሣጥን መጣ። የመጣ ዕለት ሣጥኑን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አሰርኩ። «ባትሪ ደከመ» የሚለውን ጥንድ ከሣጥኑ ጋር አገናኘሁ፤ «ጄኔሬተር አስነሳ» የሚለውንም አገናኘሁ። ከእንግዲህ ባትሪው ሲደክም ሣጥኑ ወደ ስልኬ መልእክት ይልካል፤ እኔ ቡሬ አልጋዬ ላይ ተኝቼ አንድ ቁጥር መልሼ ብልክለት ጄኔሬተሩ ይነሳል። ሰው የለም፣ ጭቃ የለም፣ የአጎቴ በሬ የለም። የአያን ቀይ አምፖል ግን እንዳለ ተውኩት፤ ሽማግሌ ማሳዘን ደግ አይደለም ብዬ።

አያ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ሣጥኑ ምን ብሎ እንደሚልክ ጠየቁኝ። «ባትሪ አልቋል» ብሎ ነው አልኳቸው።

«እንዲያው በባዶው?»

«አዎ፣ በባዶው።»

ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። «ይሄ አሳዳጊ የለውም» አሉ።

ልሞክረው ብዬ አንዱን ሽቦ ብነቅል ስልኬ ወዲያው ጮኸ። መልእክቱን ሳይ ከደስታ ብዛት ብድግ ብዬ ደረቴን ያዝኩ። ይህቺ ደረት መያዜ ናት ቤቴን ያፈረሰችው። አያ አዩኝ። እሳቸው ያዩት ደስታ አልነበረም፤ በድንገት መርዶ የተረዳ ሰው ፊት ነው ያዩት። «አይዞህ» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «አይዞኝ» አልኩ።

አሁን የምነግራችሁን ኋላ ነው ያወቅሁት። አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ፤ ሳይመጣ ቀረ፤ ቀዩ አምፖል መብራቱ ነው። አያ ተነስተው ወደ ክፍሏ ሄዱ፤ ከእሳቸው ቀድሞ ሣጥኑ እንዳይልክብኝ ሰግተው የሣጥኑን ሽቦዎች፣ ኃይል ከሚሰጠው ጀምረው፣ እስከነ ሥራቸው መነገሏቸው። ሣጥኑ ምንም አላወቀም። ባሕር ዳር ስክሪኑ ላይ ታወራችን አረንጓዴ ነው። እኔ ቡሬ ስልኬን እጄ ላይ ይዤ፣ በሥልጣኔ ተማምኜ፣ ሻይ እጠጣለሁ።

ቀዩ አምፖል ሲበራ አያ ሙያቸውን ጀመሩ። ታወሩ ገና በሕይወት ስለነበር ስልካቸውን አንስተው ጅጋ ለሚኖረው አጎቴ ደወሉና «ነገር አለ፣ ለዛሬ ቡሬ ግባ» አሉት። እንግዲህ ያ ባትሪ የመጨረሻ ትንፋሹን የሰጠው አጎቴን ለመጥራት ነው። ቀጥለው ከደብሩ አንድ ቄስ ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ በእግርና በባጃጅ ቡሬ ገቡ። ማታ መርዶ አይነገርምና ዘመድ ቤት አደሩ። ታወሩ በዚያው ምሽት ሞተ። ለእኔ አቤቱታ እንኳ አልመጣም፤ አቤት የሚለው ሕዝብ ኔትወርክ የለውማ፤ ከቀበሌ አንድ ሰው ብቻ ኔትወርክ ወዳለበት ወጥቶ ለቢሮው ደውሏል።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ይታይሽ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኛ ቤት አንድ ጊዜ ብቅ በል፣ አንድ ነገር ታግዘኛለህ አሉኝ። ነጠላቸው የተጣፋበትን መንገድ ሳይ መርዶ መሆኑ ገባኝ። ይህን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። ለነፍሰ ጡር ሚስት እንዳይደርስ ባል ጎረቤት ቤት ተጠርቶ ነው የሚረዳው።

ስገባ ሽማግሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አጎቴ ጋቢውን አጣፍቶ ጥግ ላይ እንባውን ይጠርጋል። አጎቴን ከጅጋ ድረስ መጥቶ ሳየው ሁሉ ነገር አለቀልኝ። አባቴ ሞቷል ማለት ነው። አስቀመጡኝ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ገባልኝ። ዳቦ አቀረቡልኝ፤ አንድ ቁራሽ ወስጄ እጄ ላይ ያዝኩ። ቄሱ ስለ ኢዮብ ተናገሩ። አንዱ ሽማግሌ ሁላችንም መንገደኞች ነን አሉ። እንባዬ መውረድ ጀመረ። አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ እንደሆነ፣ የተነጋገርነው ስለ ምን እንደሆነ እያሰብኩ አለቀስኩ፤ ዝም ብዬ፣ እንደ ልጅ።

«አባቴ ነው?» አልኩ።

«አባትህ ደህና ነው» አሉ አያ።

«እናቴ?»

እናቴም ደህና ናት። እህቴም። አንድ በአንድ ዘመዶቼን ጠራሁ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። በዚህ ጊዜ አጎቴ ጮክ ብሎ ያለቅስ ጀመር። ለካ ለእሱም የሞተው ማን እንደሆነ አልተነገረውም፤ የእኔ ዘመድ ሁሉ ደህና ከሆነ እንግዲህ የሞተው የእሱ ሰው ነው ብሎ ሲያሰላ ነው። የቀኝ ደጋፊዬ እኔን ለቆ ወደ አጎቴ ዞረ።

አያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ባትሪው ከሰሞኑ ትንሽ ደክሞት እንደነበር እንደማውቅ አነሱ። መብራት ሄዶ ሳይመለስ መቅረቱን አነሱ። ከዚያ «ትናንት አምሽቶ አረፈ» አሉኝና እጄን ያዙ።

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልዋሽም። አባቴ አለ። ተነስቼ አጎቴን አቀፍኩት፤ አጎቴም አንድም ነገር ሳይገባው አቀፈኝ፤ ሁለታችንም ስቀን አለቀስን። ሽማግሎቹ መርዶውን በደህና ስላወረዱ እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ጥሩወርቅ ዳቦውን እንደገና አቀረቡ። ቁራሹ ከአፌ ሳይወርድ ነው ትናንት አምሽቶ የሚለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው፤ ከቢሮ። ውሌ ከዛሬ ጀምሮ መቋረጡን፣ ቁልፍና ዕቃ እንዳስረክብ ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ሰው ሁሉ እያየኝ አነበብኩት። ግድግዳው፣ ቄሱ፣ የአጎቴ ጋቢ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከእኔ ራቁ። ብቻዬን አልነበርኩም፣ እህልም አፌ ውስጥ ነበር፤ ግን እንዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አያ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ለቄሱ ሰጡ፤ ቄሱ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አያ ማነው እንዲህ አድርጎ የሚያረዳ ሰው አሉ። እውነት ለመናገር ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ሳያቸው ግን ጢማቸው በእንባ ርሷል። ባሕር ዳር ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ አሉ። ቢሮው ግን ሽቦ ለመነቀሉ የሰው ማስረጃ አይቀበልም፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።

አሁን ይታይሽ ቀረች። እኔ ልነግራት አልቻልኩም፤ ፊቷን ሳስበው ምላሴ ይታሰራል። በዚህ ዓለም ላይ ይህን ሳትወድቅ ሊነግራት የሚችል ሰው ቢኖር አንድ ነው፤ እሱም ከፊቴ ተቀምጧል። አያ፣ ያበላሹትን እርስዎ ያቅኑ፤ ለሚስቴ ይንገሩልኝ አልኳቸው።

አያ ከቄሱ ጋር ተያዩ። «ነፍሰ ጡር አትረዳም» አሉኝ።

«ከወለደች በኋላስ?»

«አራስ ቤት መርዶ አይገባም። ክርስትና ይነሳ። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ነው፤ ሴት ከሆነች ሰማንያ። እስከዚያ አንተ ሥራህ ላይ ነህ።»

ቄሱ እንደዚያ ነው አሉ። ሽማግሎቹ እንደዚያ ነው አሉ። አጎቴ፣ ለምን እንደመጣ ገና ያልገባው አጎቴ፣ እሱም እንደዚያ ነው አለ። ተፈረደብኝ።

ስለዚህ ይኸው በየማለዳው የመሣሪያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ቦርሳው ባዶ ነው፤ ዕቃውን አስረክቤያለሁ። ይታይሽ ምሳዬን ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ «ተጠንቀቅ፣ ኤሌክትሪኩ እንዳይዝህ» ትለኛለች። ይህን ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። የምሄድበት ስለሌለኝ ጉብታው ላይ ወጥቼ ከአያ ጎጆ ደጃፍ እውላለሁ። በእኔ ቦታ አንድ ጎረምሳ ተቀጥሮ መጥቷል፤ ሽቦዎቹን መልሶ አስሯል፤ አያም አባቱ የት እንደሚኖር፣ አጎት እንዳለው ቀስ አድርገው ጠይቀውታል። ልነግረው አስቤ ተውኩት፤ በባዶው እንዴት ይነገራል።

ትናንት ማታ ይታይሽ እጄን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አረማመዷን ያዩ ሴቶች ሁሉ ሴት ናት እንዳሏት ነገረችኝ። እኔ ከጉርምስናዬ ጀምሮ የምመኘው ሴት ልጅ ነው፤ ስሟን እንኳ መርጬላታለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን በደብሩ በኩል ሳልፍ ቆምኩና ወንድ አድርጋት ብዬ ተሳልኩ። ልጄ፣ አንቺ ከሆንሽ ይቅር በይኝ። ጠልቼሽ አይደለም፤ የሚከብደኝ የተጨመረው አርባ ቀን ነው።